የወይዘሮ ሃያ ደቂቃ

ዛሬ ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ስወጣ የወንድሜ ሚስት ወጥ ቤት ሆና ለልጇ፣ «ሚጡዬ፣ ይቺን ብርጭቆ አየሻት? ቀይ ነጥብ ያለባትን? የአባባ ናት፤ እንዳትነኪያት። አባባንም እንዳትነኪ፣ እሺ የኔ ቆንጆ?» ስትላት ሰማሁ። ሚጡ «እሺ» አለች። የአምስት ዓመት ልጅ ምን ትበል? ቀይዋ ነጥብ የጥፍር ቀለም ናት። ብርጭቆው ብቻ ደግሞ እንዳይመስላችሁ፤ ሳህኑም፣ ማንኪያውም፣ የሻይ ስኒውም ሥሩ ላይ ነጥብ አለው፤ ከሌላው ዕቃ ተለይተው መስኮቱ ሥር ባለች ጠባብ መደርደሪያ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ፎጣዬን ትከሻዬ ላይ ጣል እንዳደረግኩ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። መሥሪያ ቤት «አንቺማ ጠበቃ መሆን ነበረብሽ» ይሉኛል ምላሴን እያዩ፤ እዚህ ቤት ግን ምላሴ ከጫማዬ ጋር በር ላይ ነው የሚቀረው። ቤቱ የወንድሜ ነው፤ አባቴም እኔም የገባነው በእሱ ደግነት ነው። ስለዚህ እንዳልሰማ ሆኜ አለፍኩና ፊቴን ታጠብኩ።

ነገሩ የጀመረው ከአምስት ወር በፊት ነው። አባቴን መጀመሪያ ክንዱን አሳከከው። ከዚያ የፈላ ውሃ የተደፋበት ይመስል ቆዳው ውሃ ቋጠረ፤ ከክንዱ ወደ ሆዱ፣ ከሆዱ ወደ ጭኑ ወረደ። ዛሬ አንዱ ሲፈነዳ ነገ ሌላው ይቋጥራል። የቆዳ ሐኪሙ አባቴን፣ ወንድሜን፣ ሚስቱንና እኔን አስቀምጦ አስረዳን፤ ሽማግሌዎች ላይ የሚመጣ ሕመም ነው፣ የገዛ ሰውነቱ የገዛ ቆዳውን እንደ ባዕድ አይቶ ሲጣላው ነው፣ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ከወሰደ በወራት ውስጥ ይሻለዋል፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። «አይተላለፍም» የምትለዋን ሁለቴ ደገማት። ወንድሜ ራሱን ነቀነቀ፤ ሚስቱም ነቀነቀች። በማግስቱ ብርጭቆው ላይ ቀይዋ ነጥብ ወጣች። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ነገሩ ወደ እኔ ዞረ። የምሠራው የቆዳ ምርምር ቤት ነው፤ ውሃ የቋጠረ ቆዳ እንዴት እንደሚድን፣ ቁስል እንዴት እንደሚጠግግ አሳማ ላይ ያጠናሉ፤ እኔ አሳማዎቹን አበላለሁ፣ አጥባለሁ፣ ቁስላቸውን አሽጋለሁ። «ያ አሳማ ነው ያመጣባቸው» አለች የወንድሜ ሚስት፣ ለእኔ ሳይሆን ለምታጥበው ሳህን። «ሰው እንዴት በአሳማ ቁስል ሲንቦጫረቅ ውሎ በዚያው እጁ የሰው ቁስል ይነካል?»

መልስ ነበረኝ። የሕመሙን ስም፣ የቆዳውን ንብርብር፣ ሁሉንም ቁጭ አድርጌ ላስረዳት እችል ነበር። ምን ቆርጦኝ! ቤቱ ውስጥ ድምፅ ከፍ ካለ ወንድሜ ሆዱን ያመዋል፤ እውነቴን ነው፣ ሆዱን ይዞ ነው የሚተኛው። ስለዚህ ዝም ብዬ ሄጄ አንድ ካርቶን ጓንት ገዛሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴን የማጥበውም፣ ቅባት የምቀባውም፣ ሸሚዙን የማለብሰውም በጓንት ነው። ጓንቱ አባቴን ከእኔ እጅ ለመጠበቅ መሆኑ ነው። ለእሱ ግን አልነገርኩትም፤ ምን ብዬ? ምራትህ እጄን ተጸየፈችው ልበለው? ነገር ያበረድኩ መሰለኝ። ነገ ጠዋት ደግሞ ወንድሜ የአረጋውያን መጦሪያ ሊወስደው ነው። አልጋ ተገኝቷል። ሻንጣው ከትናንት ጀምሮ ተዘጋጅቶ ክፍሉ በር ጋ ቆሟል፤ አንዱ መዝጊያው አልዘጋ ስላለ ወንድሜ በሲባጎ አስሮታል። አባቴ ሲጠየቅ «እሄዳለሁ» አለ፤ አንዴ ብቻ። ደግሞ የጠየቀው ሰው የለም።

ክፍሉ የቤቱ መጨረሻ ላይ ያለችው፣ ድሮ ዕቃ ቤት የነበረችው ናት። አንድ አልጋ፣ አንድ ቁም ሳጥን፣ አንድ በርጩማ፤ መስኮቷ የጎረቤት ግድግዳ ነው የምታየው። ስገባ ሸሚዙን አውልቆ አልጋው ጠርዝ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ይጠብቀኛል። ድሮ ሰፊ የነበረው ጀርባው አሁን አጥንቱ ይቆጠራል። ጓንቱን ስቤ ሳጠልቅ ላስቲኩ ጧ አለ፤ የአባቴም ትከሻ ሰብሰብ አለ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው፤ ሕመሙን እያሰበ ይመስለኝ ነበር። የጎኑን ቁስል በለብታ ውሃ እያጠብኩ፣ ሰው እንዳይሰማን ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «አባዬ፣ እውነት መሄድ ፈልገህ ነው?» አልኩት።

«አዎ።»

«ምን አለ እዚያ?»

 አጥቤ፣ አድርቄ፣ ቅባቱን አስነክቼ ጎዙን አሳረፍኩ። ከዚያ፣ «ነርሶች አሉ» አለ። «ያ የጫማ ሱቃችን ጎረቤት፣ ልብስ ሰፊው፣ እዚያ ነው ያለው። ስልክ ደውሎልኝ ነበር። ሥራቸው ስለሆነ በእጃቸው ነው የሚያጥቡን አለኝ። ጀርባ ሳይቀር።»

 የተናገረው ነገር ከብዶት ነው መሰለኝ ወዲያው ወሬ ቀየረ፤ «ያቺ አሳማሽስ? ወይዘሮዋ? ደህና ናት?» አለኝ። እኔም ወሬው በመቀየሩ ደስ ብሎኝ፣ እንደ ጅል አፌን ከፈትኩ። «ደህና ናት፤ ትንሽ ቀብጣለች እንጂ። ጠዋት ሃያ ደቂቃ፣ ከሰዓት ሃያ ደቂቃ ካልደባበስኳት አኩርፋ ፊቷን ታዞራለች። የሥራው ደንብ ነው፤ ቁስሉ ቶሎ እንዲጠግግላት። በጓንት ደግሞ አይቻልም፣ በባዶ እጅ ነው። ከጆሮዋ ኋላ ስትደባበስማ እንቅልፍ ነው የሚወስዳት» አልኩት። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። እጄ፣ ጓንት ያጠለቀው እጄ፣ ጀርባው ላይ ደርቆ ቀረ።

አባቴ ቀስ ብሎ ሸሚዙን አነሳ። ያለ ቂም፣ ያለ ቀልድም፣ የሰው ወሬ እንደሚሰማ ሰው፣ «ታድላለች» አለ።

አውቶቡሱ እንደ ወትሮው ጢም ብሎ ሞልቷል። አንዲት ሴትዮ ክንዴን ተደግፋ ለጓደኛዋ ስለ ቲማቲም ታወራለች፤ ባለፈው ሳምንት ኪሎው ሠላሳ ነበር፣ ዛሬ አርባ አምስት አሉኝ፣ አርባ አምስት! ብስሉ እንኳ አይደለም፣ ጥሬው! የአንድ ተማሪ ጀርባ ጀርባዬ ላይ ነው፤ ሹፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር አንዳችን ሌላችን ላይ እንወድቃለን። ሌላ ቀን ቢሆን ስነጫነጭ ነበር የምደርሰው። ዛሬ ግን አባቴ አንድ ፌርማታ ብቻ ይህን አውቶቡስ ቢሳፈር ብዬ ተመኘሁ። የማያውቁት ሰዎች እንኳ ትከሻው ላይ ይወድቁበት ነበር። አባቴ ጫማ ሰሪ ነው። አቅፎ የሚስም ዓይነት አባት አልነበረም፤ ያንን ለእናቴ ነው የተወላት፣ እሷ ደግሞ ቀድማን ሄደች። ግን አዲስ ጫማ በሠራልን ቁጥር ይንበረከክና በአንድ እጁ ቁርጭምጭሚታችንን ይዞ፣ በሌላው አውራ ጣት የጫማውን ጫፍ ጫን እያደረገ «ጣትሽ ደረሰ?» ይለኛል። ደርሷል፤ ጣቴ ጫፉን ነክቷል። እኔ ግን «ገና ነው» እላለሁ፣ ደግሞ እንዲጫነኝ። ደግሞ ይጫናል፤ ደግሞ «ገና ነው» እላለሁ። ወንድሜም እንደዚያው ይዋሽ እንደነበር የነገረኝ ካደግን በኋላ ነው። ስንት ጊዜ ጠባብ ጫማ አድርገን ትምህርት ቤት ሄደናል! አውቶቡሱ ውስጥ ያ አውራ ጣት ናፈቀኝ፤ አጠገቤ ያለችው ሴትዮ እስክታስተውል ድረስ ናፈቀኝ። «ምነው፣ አመመሽ እንዴ እናቴ?» አለችኝ። ቲማቲሙ ነው አልኳት።

ምርምር ቤቱ ውስጥ ልብስ ቀይሬ፣ ቦቲ አጥልቄ፣ እጄን እስከ ክርኔ ታጥቤ ነው ወደ አሳማዎቹ የምገባው። ሦስት ናቸው። ስም ማውጣት ክልክል ነው፤ ቁጥር ነው ያላቸው። አራት ቁጥርን ግን በሆዴና ለአባቴ ሳወራ «ወይዘሮ» ነው የምላት፤ የምትበላበት ዕቃ ካልታጠበ አትቀርብማ። ከስድስት ቀን በፊት በማደንዘዣ አስተኝተናት፣ ጀርባዋ ላይ ትንንሽ ኩባያዎች ደፍተን፣ አየሩን ቀስ ብሎ በሚመጥ መሣሪያ ቆዳዋ ውሃ እንዲቋጥር አደረግን፤ አሥራ ሁለት ቦታ፣ በሁለት ረድፍ፣ እንደ ኮት ቁልፍ። የላዩ ቆዳ ከተነሳ በኋላ አንዱ ረድፍ በአዲሱ ቅባት፣ ሌላው ያለ ቅባት ይታሸጋል። እኔ በየቀኑ እከፍታለሁ፣ አጥባለሁ፣ ማስመሪያ አስጠግቼ ፎቶ አነሳለሁ፣ መልሼ አሽጋለሁ። የአሳማ ቆዳ ከሰው ቆዳ ጋር ይቀራረባል፤ አሳማዋ ላይ የሠራ ቅባት አንድ ቀን ለሰው ይሆናል ነው ተስፋው። ለማን እንደሚሆን አስቤው ባውቅም እስካሁን ጮክ ብዬ አልተናገርኩትም። አባቴ እንዲህ እንደታመመ መሥሪያ ቤት የሚያውቅ የለም።

የሃያ ደቂቃዋ ደንብ የመጣችው አምና ነው። ሁለት ቁጥር የምትባል አሳማ ነበረችን፤ ሰው ሲገባ ጥግ ይዛ ትንቀጠቀጣለች። ምግቡ ያው፣ ቅባቱ ያው፣ ክፍሉ ያው፤ የእሷ ቁስል ግን ከሌሎቹ አምስት ቀን ዘግይቶ ጠገገ። ዶክተሯ፣ የምርምሩ ኃላፊ፣ ስታነብ ሰነበተችና አንድ ቀን ቅጹ ላይ አዲስ ዓምድ ጨምራ መጣች፤ «ንክኪ፣ ሃያ ደቂቃ፣ በባዶ እጅ። ጠዋትና ከሰዓት። ፊርማ።» የፈራ ሰውነት ቁስሉን ለማዳን ይዘገያል አለችን። ባዶ እጅ ያለችው ደግሞ አሳማዎቹ ጓንት ስለሚፈሩ ነው፤ ጓንት መጣ ማለት መርፌ መጣ ማለት ነው ለእነሱ። ዛሬም ለማሸግ ጓንቴን ሳጠልቅ ላስቲኩ ጧ ሲል ወይዘሮ ትከሻዋን ሰብሰብ አደረገች። ሁልጊዜ ታደርገዋለች፤ ቅጹ ላይም «ድምፅ ስትሰማ ትሸማቀቃለች» ብዬ የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ዛሬ ግን ያንን የትከሻ መሰብሰብ ከአንድ ሰዓት በፊት የት እንዳየሁት ትዝ አለኝ።

እንደምንም አሽጌ ጨረስኩ። ጓንቱን አወለቅኩ፣ ታጠብኩ፣ ገለባው ላይ ቁጭ አልኩ። ወይዘሮ እያጉረመረመች መጥታ ያንን ከባድ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ ጣለችው። ከጆሮዋ ኋላ ያለው ቆዳ ሙቅ ነው፣ ፀጉሩ ይሻክራል። እጄን ሳሳርፍ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች፤ ሥራ ውሎ ቤቱ እንደገባ ሰው። እኔም እዚያው ቁጭ ብዬ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ወይ እኔ! አባቴን በላስቲክ እየነካሁ፣ አሳማ በመዳፌ አስተኝቼ ደመወዝ እበላለሁ። ለምራቱ ቅር እንዳይላት፣ ለወንድሜ ሆዱን እንዳያመው፣ ለሁሉም ሳስብ አራት ወር ሙሉ ለአንዱ ሳላስብ ቀረሁ። ሃያው ሲሞላ ተነሳሁና ቅጹን ሞላሁ። ቀን ጻፍኩ፤ ንክኪ፣ ሃያ ደቂቃ፣ በባዶ እጅ፤ ፈረምኩ።

ከሰዓት ዶክተሯ ቅጹን ይዛ መጣች። «ነይማ እስቲ» አለችኝ፣ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቅላ። «የእንስሳ ቁጥር» በሚለው ሳጥን ውስጥ፣ በራሴ ጽሕፈት፣ «አባዬ» ተብሎ ተጽፏል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እኛ መሥሪያ ቤት ቅጽ ላይ ማጥፊያ አይነካም፣ መደለዝም የለም፤ የተሳሳተው ላይ አንድ መስመር ብቻ ይሰመራል፣ ሥሩ ያለው እንዲነበብ፤ ከጎኑ ትክክለኛው ይጻፋል፣ ይፈረማል። «አባዬ» ላይ መስመር አሰመርኩ፣ «4» ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። ለመዝገብ ቤት ግን ያቺ አሳማ አንድ ጊዜ አባዬ ተብላ ቀረች።

«አባትሽ ምን ሆኑ?» አለችኝ ዶክተሯ።

ነገርኳት። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ቀይዋን ነጥብ ሳይቀር፣ ጓንቱን ሳይቀር፣ ሻንጣውንና ሲባጎውን ሳይቀር ነገርኳት። አልመከረችኝም፣ አይዞሽም አላለችኝ። «ስንት ጊዜ ሆናቸው?» ብቻ አለች። ከታመመ አምስት ወር አልኳት። «እሱን አይደለም የጠየቅኩሽ። ሰው በባዶ እጁ ከነካቸው።» አሰብኩ፤ ብዙ ማሰብም አላስፈለገኝም። «አራት ወር» አልኩ። ዶክተሯ ወደ ወይዘሮ አጥር ዞር ብላ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ስለ አንዷ አሳማ ትእዛዝ እንደምትሰጥ ሁሉ፣ «ጭንቅላታቸው ላይ አልወጣባቸውም አይደል? እንግዲያው ጭንቅላታቸውን ንኪ። ቁስሉን ስታሽጊ ጓንት ይኑርሽ፤ ደህናው ቆዳ ላይ ግን በታጠበ ባዶ እጅ። አትሺ፣ አትጎትቺ፣ አሳርፊው ብቻ» አለች። በሩ ጋ ደርሳ ሳትዞር፣ «ባዶ ቅጽ ሁለተኛው መሳቢያ ውስጥ አለ» ብላ ወጣች።

ቤት ስደርስ ወንድሜ ለነገው ጉዞ አስፈቅዶ ቀድሞኝ ገብቷል። ሳሎን የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጥፍቶ ምስሉን ብቻ ያያል። ነገር ሲከብደው እንዲህ ነው የሚያደርገው። «መጣሽ?» አለኝ፣ «መጣሁ» አልኩት። እጄን እንደ ሥራ ቦታ እስከ ክርኔ ታጥቤ ወደ አባቴ ገባሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ያጠፍኩትን ቅጽ ዘረጋሁ፣ «የእንስሳ ቁጥር» የሚለው ላይ አንድ መስመር አሰመርኩ፣ ከጎኑ «አባዬ» ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፤ ከዚያ በቁስል ፕላስተር ቁም ሳጥኑ ላይ ለጠፍኩት። አባቴ ከአልጋው ሆኖ እያየ «ምንድን ነው እሱ?» አለ። የሥራ ወረቀት ነው አልኩት። ለማሸግ የመጣሁ መስሎት ጀርባውን ሰጠኝ፤ የላስቲኩን ድምፅ እየጠበቀ ትከሻውን ሰበሰበ። ድምፁ አልመጣም። በርጩማውን አስጠግቼ ተቀመጥኩና መዳፌን ከጆሮው ኋላ አሳረፍኩ።

የጋለ ነገር የነካው ያህል ደነገጠ። «ጓንትሽስ?»

«የለም አባዬ።»

«እንዳይይዝሽ!»

«አይይዘኝም። ሐኪሙ ነግሮህ የለ?»

«ታዲያ ያ ሁሉ ጊዜ ለምን ነበር የምታጠልቂው?» አለ፤ ቀጥሎ ደግሞ በቀጭን ድምፅ፣ «እኔኮ ተጸይፈሽኝ መስሎኝ።»

«የተጸየፉት አንተን አይደለም፣ የእኔን እጅ ነው። የአሳማ እጅ ነው ተብሎ። እኔም ፈሪ ስለሆንኩ ዝም አልኩ» አልኩት።  ጭንቅላቱ ቀስ በቀስ መዳፌ ላይ እየከበደ መጣ፤ መጀመሪያ ትንሽ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ። ፀጉሩ ሳስቷል። ከጆሮው ኋላ ሙቅ ነው። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ይህን ትንፋሽ በደንብ ነው የማውቀው።

የወንድሜ ሚስት ኪኒኑንና ባለ ቀይ ነጥቧን ብርጭቆ ይዛ የገባችው ያኔ ነው። እጄን አየች። ቁም ሳጥኑ ላይ ያለውን ወረቀት አየች፤ ጠጋ ብላ አነበበችው። «የእንስሳ ቁጥር?» አለች፣ ድምፅዋ ሳሎን ድረስ እየተሰማ። «እንዴ! አባትሽን እንስሳ አደረግሻቸው?» በር ላይ ትቼው የምገባው ምላሴ በዚያች ቅጽበት ጫማውን ሳያወልቅ ገባ። «እንስሳ ቢሆንማ ምን ነበረበት!» አልኳት። «እንስሳዋ በቀን ሁለት ጊዜ ትዳሰሳለች። የምትጠጣበት ዕቃ ላይ ነጥብ የለም። ልጅ እንዳይነካት የሚመክር የለም። እኔ አንቺ ቅር እንዳይልሽ ብዬ አራት ወር አባቴን በላስቲክ ነካሁት፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ በአንቺ አላላክክም። ግን በቃኝ!»  «እናንተ ታውቁ ይሆናል» አለች፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። «እኔ የማየው ቁስል ነው። ትንሽ ልጅ አለኝ።» ብርጭቆውን መስኮቱ ጠርዝ ላይ አስቀምጣ ወጣች። እንዲህ ስትሆን አንጀቴን በላችኝ፤ ፍርሃት እኔም ቤት አለ። አባቴ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «ተይ፣ አትቆጪ» አለኝ። «እጅሽን አታንሺው ብቻ።»

ወንድሜ በሩ ላይ ቆሟል፤ መቼ እንደመጣ አላየሁትም። ሆዱን በእጁ ይዞታል። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበ፤ ስለ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት፤ ወይዘሮን፣ ሃያ ደቂቃዋን፣ ጓንቱን። አባዬ መጦሪያ እሄዳለሁ ያለው ነርሶቹ በእጃቸው ስለሚያጥቡ እንደሆነም ነገርኩት። እሱን ሲሰማ አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ወንድሜ ደግሞ በሩን ተደገፈ። የእኔ ሃያ ደቂቃ ሞልቶ ነበር። ተነስቼ «ከሰዓት» በሚለው ረድፍ ላይ ፈረምኩና በርጩማውን አሳየሁት።

«እኔ አልችልበትም» አለ ወንድሜ። ሃምሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት የቀረው ሰው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቤት ለቤት እየዞረ የመብራት ቆጣሪ ሲያነብ ይውላል።

«ማን ይችልበታል ደግሞ! ታጠብና ቁጭ በል።»

ታጥቦ መጣ። ተቀመጠ። እጁ አየር ላይ ቀረ፤ የት እንደሚያሳርፈው ጠፋው። ይዤ ከአባቴ ጆሮ ኋላ አስቀመጥኩለት፤ አትሽ፣ አትጎትት፣ አሳርፈው ብቻ አልኩት። መጀመሪያ ጣቶቹ ደረቁ፣ ቆይተው ግን ላሉ። እነሱ ሁለቱ ድሮም አያወሩም። ወጥ ቤት ውስጥ ሚጡ እናቷን አንድ ነገር ትጠይቃለች፣ መልስ አይሰማም። ከአፍታ በኋላ ወንድሜ ወረቀቱን በዓይኑ እያሳየ፣ «የነገ ጠዋቱ ላይ እኔን ጻፊኝ» አለኝ።

«ነገ ጠዋትማ መጦሪያ…»

«እኔን ጻፊ አልኩሽ።»

ጻፍኩት። አባቴ አልተንቀሳቀሰም፤ የሰማ ይሁን የተኛ አላወቅኩም። ወንድሜ በእግሩ ሻንጣውን ገፋ ገፋ አድርጎ አልጋው ሥር ሲያስገባው ሲባጎው ተፈታና መዝጊያው ተከፈተ፤ የአባቴ አሮጌ ጫማ አንዱ ወለሉ ላይ ወደቀ። ማንም አላነሳውም።  ብዙ ከቆየን በኋላ ወንድሜ ክንዱ ደንዝዞበት ነው መሰለኝ ትከሻውን አስተካከለና፣ «ሃያው ሞላ?» ብሎ ጠየቀኝ።

እኔ አፌን ሳልከፍት አባቴ፣ ዓይኑን እንደጨፈነ፣ «ገና ነው» አለ።

ወንድሜ ቀና ብሎ አየኝ። ሰዓቴን አየሁ፤ ሃያው ካለፈ ስድስት ደቂቃ ሆኖታል። እጅጌዬን መልሼ ሰዓቱ ላይ አወረድኩት።